ገንዳው ውስጥ የገባው ውሃ

ቅዳሜ፣ በሁዳዴ አጋማሽ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ በሚገኝ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጆች እንዲነኳቸው በገንዳ ይዘናቸው የመጣነው የባሕር ኮከቦችና የባሕር ጃርቶች በሙሉ ሞቱ። ሸርጣኖቹ አልሞቱም። ገንዳውን ከብበው ከተቀመጡት ልጆች ትልቁ አምስት ዓመት አልሞላውም።

በዚያ ሰዓት በእርግጠኝነት የማውቀው ይህን ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ ጥርጣሬ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ አዲስ አበባው ጋዜጣና ስለ ምርጫ ዘጠና ሰባት ነው። ያንን ብዙዎች ጽፈውታል። እኔ በጋዜጠኝነት ከሠራሁበት ዘመን ይልቅ ለንደን ውስጥ ለሕፃናት ሸርጣንና የባሕር ኮከብ ሳሳይ የኖርኩበት ዘመን ይረዝማል፤ ስለሱ ግን የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ የምጽፈው እሱን ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ምድቤ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ነበር። አለቃዬ ዜና ሲቀርብለት ከወረቀቱ ቀና ሳይል የሚጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነበረችው፤ «ሌላ ማን ሰማ?» አንድ ሰው ብቻ የነገረሽ ወሬ ነው። ከመጀመሪያው ጋር ያልተማከረ ሁለተኛ ሰው ሲነግርሽ መጻፍ ትጀምሪያለሽ። ከምርጫው በኋላ ጋዜጣው ተዘጋ፣ ከባልደረቦቼ የታሰረው ታሰረ፣ እኔ ወጣሁ። ለንደን ስደርስ ሙያው ቀረ፤ ጥያቄዋ ግን አልለቀቀችኝም።

በዚያን ጊዜ የለንደን ሐበሻም እርስ በርሱ አይተማመንም ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይታወቅ ሻይ አይጋበዝም። ጋዜጠኛ ነበርኩ ስል ደግሞ አጠገቤ የነበረው ወንበር ቀስ ብሎ ይርቃል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርክ ሮያል፣ የባሕር ምግብ የሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ ነበር። ጓንት በጓንት ላይ ደርቤ፣ በእምነቴ የማልበላውን ሽሪምፕና ስኩዊድ ፕላስቲክ ውስጥ ስከት እውል ነበር። ከባሕር እንስሳ ጋር የተዋወቅሁት እንዲህ ሞቶ፣ ቀዝቅዞና ተመዝኖ ነው። የስኩዊድ ዓይን የሰው ዓይን እንደሚመስል ያየሁት እዚያ ነው። አጠገቤ ለምትሠራው ልጅ ባሳያት፣ «ሱፐርቫይዘሩ እያየሽ ነው፣ ሥራሽን ሥሪ» አለችኝ።

ጣቶቼ በቅዝቃዜው ማበጥ ሲጀምሩ ለቀቅሁ። ኮርስ ወስጄ፣ የፖሊስ ቼክ ተደርጎልኝ፣ ዊልስደን ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማቆያ ረዳት ሆኜ ገባሁ። ጆይስን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ጆይስ በኬንት የባሕር ዳርቻ የሕፃናት አስተማሪ ሆና የኖረች እንግሊዛዊት ነች። ጡረታ ወጥታ እቤት መቀመጥ አልሆነላትም። አሮጌ ቫን አላት፤ ቫኑ ውስጥ ጠፍጣፋ ገንዳ፣ የአየር ፓምፕ፣ የባሕር ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖችና እርጥብ ጨርቅ የለበሱ ሳጥኖች አሉ። ከአንዱ ማቆያ ወደ ሌላው እየዞረች፣ ባሕር አይተው የማያውቁ የለንደን ልጆችን ከባሕር እንስሳት ጋር ታስተዋውቃለች። ውሃ የሚሸከምላት ሰው ፈልጋ ነበር። እኔ ደግሞ ከበረዶ ወጥቼ ውሃ ብሸከም ቅር አይለኝም ነበር። አብረን ጀመርን።

ጆይስ ማንንም አታምንም፤ ራሷንም ጭምር። ከሹራብ ኪሷ የማትለይ፣ እንደ መነጽር በአንድ ዓይን የሚመለከቱባት የጨው መለኪያ አለቻት። ገንዳው ተሞልቶ ሲያበቃ ከውሃው ጠብታ ወስዳ ታያለች። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እንደገና ታያለች። «ትናንት ለክተሽው ነበር እኮ» ብላት፣ «ትናንትናማ ትናንት ነው» ትለኛለች። ከለካች በኋላ በገንዳው ውጫዊ ጎን፣ ልክ የውሃው ከፍታ ላይ፣ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ትለጥፋለች። ውሃው ከፕላስተሩ ቢወርድ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ለምን ሁልጊዜ እንደምትለጥፍ ስጠይቃት፣ «ውሃ አይናገርም፤ ስለዚህ ምልክት ያስፈልገዋል» አለችኝ።

እንስሳ ከመንካቷ በፊት እጇን በገንዳው ውሃ ታርሳለች፤ ለነሱ የኛ ደረቅ እጅ ትኩስ ምጣድ ነውና። ሽቶ የተቀባ እጅ አታስገባም። ልጅ በሁለት ጣት ብቻ ይነካል፣ ከውሃ አያወጣም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ሕጓ ነበር፤ ለልጅ ስም አስቀድሞ መንገር ክልክል ነው። «ስሙን ከነገርሽው ማየት ያቆማል» ትላለች። የባሕር ኮከብ ገንዳው ወለል ላይ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ልጆቹ ሞቷል ይላሉ። እሷ ዝም ትላለች። ከቆይታ በኋላ አንዱ ክንዱ ጫፉን ያነሳል፣ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠኑ እግሮቹ ይዘረጋሉ፣ መላ ገላው ሳይታወቅ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ አንድ ልጅ ይጮሃል። ትምህርቱ የሚጀመረው በዚያ ጩኸት ነው። ልጆቹ መጠበቁን ይችሉበታል። የማይችሉት አዋቂዎቹ ናቸው።

አንድ ጊዜ አዲስ የመጣች የማቆያ ማኔጀር ዝምታው አስጨነቃት። ሙዚቃ ይከፈት፣ አንድ ሰው የዶልፊን ልብስ ይልበስ አለች። የለበስኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ ዶልፊኑን እያዩ ተንከተከቱ፤ ገንዳውን ያየ አልነበረም። ጆይስ ልብሱን አጥፋ ቫኑ ውስጥ አስገባችው፣ ከዚያ ወዲያ የሸርጣኖቹ ሳጥን ፀሐይ እንዳያገኘው መሸፈኛ ሆነ። ዛሬ ያ ማቆያ ለልጆቹ ባሕርን የሚያሳየው በስክሪን ነው ይሉኛል። ሄጄ አላየሁም፤ ስለዚህ አስተያየት የለኝም።

ገንዳውን ወደ ሐበሻ ልጆች ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ባለው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት አለ። በወር አንድ ቀን ጠዋቱን ለትንንሾቹ እንዲሰጡን ጠየቅሁ። ሥራው በእንግሊዝኛ ከሚሠራው ይከብዳል። አማርኛችን ከባሕር ርቆ ስላደገ ለብዙዎቹ እንስሳት ስም የለውም። የስም ጉዳይ ሲመጣ ልጆቹ ራሳቸው ያወጡ ጀመር። የሌላ እንስሳ ባዶ ዛጎል ውስጥ ገብቶ የሚኖረውን፣ ሲጠበው ለቆ ሌላ የሚፈልገውን ሸርጣን አንዲት ልጅ «ተከራዩ» አለችው። የካውንስል ኪራይ ቤት ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች ከልጆቹ በላይ ሳቁ።

የቅዳሜው ትምህርት ኃላፊ ወይዘሮ ጽጌ ግን አልሳቀችም። ጽጌ ትምህርት ቤቱን ከባዶ ያቆመች፣ ነገር ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ነች። ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«ውድነሽ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነገር ነው ያመጣሽው።»

«ይነኩታል እንጂ አይበሉትም።»

«ልጅ የነካውን አፉ ውስጥ እንደሚከት አንቺ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው? ነገ እሑድ ነው። ግማሾቹ ይቆርባሉ። ዛሬ ሸርጣን ሲዳብሱ ውለው ነገ ሥጋ ወደሙ ሊቀበሉ?»

«እጃቸውን እናስታጥባለን።»

«ለጊዜው ይሁን» አለች። «ግን ዓይኔ ገንዳው ላይ ነው።»

ዓይኗ በአዳራሹ ኬርቴከር በጀማል ላይም ነበር። ጀማል በሱዳን በኩል የመጣ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚቀራረብ ሰው ነው። በሩን የሚከፍተው፣ ወለሉን የሚያጥበው፣ የኛን ጀሪካኖች ሳንጠይቀው ከቫን የሚያወርደው እሱ ነው። ለወለሉ በረኪና ያበዛል። ጽጌ ልጆቹን ያስላቸዋል ብላ ደጋግማ ተናግራዋለች። እሱ ደግሞ ሁሉንም በቀልድ ያልፋል።

«አንቺ ጋዜጠኛ፣ ዛሬ ማንን ልታጋልጪ ነው? ሸርጣኑን?» ይለኛል ጀሪካኑን ትከሻው ላይ እያደረገ።

«አንተን።»

«እኔን ተዪኝ። በሁዳዴ የባሕር ሥጋ ጭኖ የመጣው ማን ሆነና?»

ናትናኤል የሚባለውን ልጅ ያወቅሁት በዚሁ አዳራሽ ነው። አራት ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። እናቱ ኂሩት ጎህ ሳይቀድ ቢሮ ታጸዳለች፣ ቀን ልጇን ይዛ ከክሊኒክ ክሊኒክ ትዞራለች። ለንግግር ሐኪም ሪፈር ተደርጎላት ወረፋ ትጠብቃለች። ሰው ስለ ልጁ ሲጠይቃት መልሱን ቶሎ ብላ ትጨርሰዋለች።

እንስሳቱ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ወር ናትናኤል ወደ ገንዳው መጥቶ ሁለት ጣቱን አስገብቶ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሲነሱ እሱ አልተነሳም። እኔና ጆይስ ሳጥኖቹን ወደ ቫን ስናወጣ ኂሩት እየሮጠች መጣች። ኮቷን በአንድ እጅጌ ብቻ ነው የለበሰችው።

«እትዬ ውድነሽ! ተናገረ! ‹ይሄዳል› አለ! ኮከቡን እያየ ‹ይሄዳል› አለኝ!»

«ሌላ ማን ሰማ?» አልኳት።

ትንፋሿ እስኪመለስ አየችኝ። «እኔ ሰማሁ። አልበቃም?»

ለጆይስ ተረጎምኩላት። ጆይስ ለኂሩት ፈገግ አለችላት፣ ለእኔ ግን ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች። በሁለታችንም ዘንድ ነገሩ ያልተረጋገጠ ሆኖ አደረ።

ወደ ሁዳዴዋ ቅዳሜ ልመለስ። ጀማል ማልዶ ወለሉን አጥቦ ጨርሶ ነበር። ገንዳውን ሞላን፣ እንስሳቱን አስገባን፣ ጆይስ ለካች፣ ልክ ነው አለች፣ ፕላስተሯን ለጠፈች። ከዚያ ሸርጣኖቹን ልናመጣ ወደ ቫኑ ወጣን። ቫኑ ርቆ ነው የቆመው፤ እንደ ወትሮው የፓርኪንግ ቦታ አጥተን ነበር። ስንመለስ ቀደም ብለው የደረሱት እናቶች ኮት እየሰቀሉ ነው። ኂሩት ከናትናኤል ጋር ገንዳው ዳር ተንበርክካለች። እጇን ከውሃው እየነከረች ግንባሩን፣ ጆሮዎቹንና ከንፈሩን ታብሳለች።

«ኂሩት፣ ጨው ነው፤ እንዳይጠጣ» አልኳት።

እጇን ቶሎ ሰበሰበች። «እሺ፣ እሺ» አለች።

ሸርጣኖቹን ጨመርን፤ ልጆቹ ተቀመጡ። ጆይስ እንደ ልማዷ ዝም አለች። ጠበቅን። ልጆቹም ጠበቁ። የባሕር ጃርቶቹ እሾኽ መቆሙን ትቶ ወደ ጎን ተኛ። አንዱ ኮከብ ክንዶቹን እንደሚዘረጋ ሳይሆን እንደሚለቅ አድርጎ ለቀቀ።

«መቼ ነው የሚሄደው?» አለች አንዲት ልጅ።

ጆይስ ጎንበስ ብላ ጣቷን ከአንዱ ኮከብ ሥር አስገባች። ቀና አለች። ገንዳውን ሳይሆን ፕላስተሩን ነው ያየችው፤ ከዚያ እኔን። ውሃው ከፕላስተሩ በላይ ነበር።

ኮከቦቹን አንድ በአንድ ወደ ንጹሕ የባሕር ውሃ አዛወርናቸው። ዘግይተን ነበር። ልጅቱ «ባለፈው ሄዶ ነበር እኮ» አለች፤ እናቷ አቅፋ ወሰደቻት። ናትናኤል ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኖ ከወገቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር። በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ልጆች ፊት እንስሳ የሞተብን ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘግይታ የደረሰችው ጽጌ ከበሩ ጀምሮ አሸተተች።

«በረኪና! ስንቴ ተናገርኩ? ስንቴ?»

ጀማል መወልወያውን እንደያዘ ነበር። «እኔ ወለሉን ነው ያጠብኩት። ገንዳው አጠገብ አልደረስኩም።»

«ባልዲህ የታለ? ይኸው ጠረጴዛው ሥር!»

«ባልዲ መቼም እግር የለው፤ ያስቀመጥኩበት ነው ያለው።»

«አትቀልድ። ልጆቹ እጃቸውን ቢያስገቡበት ኖሮስ? የሚመጣው ቅዳሜ ኮሚቴው ይነጋገርበታል። ያንተም ሥራ፣ የገንዳውም ነገር ያን ቀን ይቆረጣል። እስከዚያ ቁልፉን ስጠኝ።»

ጀማል ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ እሱን ሳይቀልድ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጽጌ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ገና አላወቅሁም።»

«ሁልጊዜ ገና አላወቅሁም!»

በእርግጥ አላወቅሁም ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርነው ራሳችንን ነው። ጆይስ የቀሩትን ጀሪካኖች ሁሉ ከፍታ ለካች፤ ሁሉም የባሕር ውሃ ናቸው፣ የተሳሳተ የለም። ቀጥሎ ጀማልን መረመርነው፤ ጓደኛዬ መሆኑ ከምርመራ አያስወጣውም። ክሎሪን ሲነካው ቀለሙ የሚለወጠውን ወረቀት ባልዲው ውስጥ ስንነክረው ወዲያው ተለወጠ። ገንዳው ውስጥ ስንነክረው ነጭ እንደሆነ ቀረ። የገንዳው ጨው ግን ከሚገባው በብዙ ወርዷል። በረኪና አልነበረም። አንድ ሰው ጨው የሌለው ውሃ፣ ያውም በርከት ያለ፣ ጨምሮበታል።

የሸርጣኖቹ መትረፍም ከዚህ ጋር ይስማማል። የኛዎቹ ሸርጣኖች ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ የሚኖሩ ናቸው፣ የውሃ መቅጠን ይችላሉ። የባሕር ኮከብ ግን ደም የለውም። በደም ፋንታ በገላው የሚዘዋወረው፣ እግሮቹንም የሚያንቀሳቅስለት፣ ራሱ የባሕሩ ውሃ ነው። ውሃው ሲቀጥን እሱ ከውስጥ ይፈርሳል።

ታዲያ ማን? ጽጌን ጠረጠርኩ። ምክንያት ነበራት፤ ገንዳውን ከመጀመሪያው አልወደደችውም። ግን ዘግይታ ነው የደረሰችው። ጀማል ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ አልቀበለውም ነበር፤ ከእሷ ጋር በአንድ አውቶቡስ የመጣች እናትም ያንኑ ነገረችኝ። በዚህ መካከል ስልክ ስደውል ሴቶቹ መጠንቀቅ ጀመሩ። «ልትጽፊው ነው እንዴ?» አለችኝ አንዷ። ሌላዋ፣ «እኔ ምንም አላየሁም» አለችኝ፣ ገና ሳልጠይቃት።

ማክሰኞ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ የኂሩት እጅ ትዝ አለኝ። ግንባር፣ ጆሮ፣ ከንፈር። ልጁን ከንፈሩን በጨው ውሃ የምታብስ እናት የለችም። እንደዚያ በቅደም ተከተል የሚታበሰው በሌላ ውሃ ነው።

ኂሩት የምትኖረው ከመንገዱ ጀርባ ባለው የካውንስል ሕንፃ ውስጥ ነው። ስትከፍትልኝ አልደነገጠችም። ናትናኤል ምንጣፉ ላይ ትንንሽ መኪናዎች በአንድ መስመር ይደረድራል። የዕቃ ማጠቢያው ዳር አንድ ቢጫ ጀሪካን አፉን ቁልቁል ተደፍቶ ይንጠባጠባል፤ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ መስቀል ተሥሎበታል።

«ቅዳሜ ዕለት አፉን ለምን አበስሽው?» አልኳት።

ጀሪካኑን አየች። እኔ እንዳየሁትም አየች።

«እናቴ ነች የላከችልኝ። ሰው ከሻንጣው ልብሱን ቀንሶ ነው ያመጣልኝ። ከምንጩ የተቀዳ ጠበል ነው፣ እዚህ የተባረከ አይደለም።» ተቀመጠች። «በማንኪያ ስሰጠው ከረምኩ። ምንም የለም። ገንዳው ዘንድ ግን ተናገረ። እርስዎ አላመኑኝም፤ አልፈርድብዎትም። እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ቢሆኑለት ብዬ ነው፣ እትዬ ውድነሽ። እንስሶቹንም ይባርካል ብዬ።»

«ሁሉንም ጨመርሽው?»

«ጠብታ አላስቀረሁም።»

ናትናኤል አንዱን መኪና ከመስመሩ አወጣና መልሶ አስገባው።

«በረኪናው ነው የገደላቸው፣ አይደል?» አለች።

«በረኪና አልነበረበትም።»

ወደ ጀሪካኑ ዞረች። «ጠበል ይገድላል?»

«ጨው የሌለው ውሃ ሁሉ ይገድላቸዋል። ከቧንቧም ይቀዳ ከምንጭ። እነሱ የተፈጠሩት ለባሕር ነው።»

ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች። ከመዳፎቿ ሥር ነው የጠየቀችኝ። «ጀማልን ያባርሩታል?»

«ቅዳሜ ነው የሚወስኑት።»

«ይነግሯቸዋል?»

«የለካሁትን እነግራቸዋለሁ። ስምሽን ግን ከእኔ አይሰሙም። እሱን ማንሳት የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ከነገርኳቸው እዚያ ቤት ሁለተኛ አያስገቡንም። የሚናገርበት ሌላ ቦታ የለውም።»

አብሬያት ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ። ማታ ለጆይስ ደወልኩላት። ስሟን ሳላነሳ፣ አንዲት እናት ከአገር ቤት የመጣ የተቀደሰ ውሃ ለልጇ ብላ እንደጨመረች ነገርኳት።

«ስንት ሊትር?» አለች።

ቅዳሜ ኮሚቴው በአዳራሹ ተሰበሰበ፤ እናቶቹም ነበሩ። ጀማል በሩ አጠገብ የእንግዳ ያህል ተቀምጧል። ኂሩት ከኋላ ነች፣ ናትናኤል ጉልበቷ ላይ። ጽጌ የጀማልን ቁልፎች ፊቷ ደርድራ ጀመረች። ወለሉን፣ ሽታውን፣ የልጆቹን ሳል ሁሉ ዘረዘረች።

ተራዬ ሲደርስ የለካነውን ተናገርኩ፤ ወረቀቱን፣ ጨውን፣ ፕላስተሩን። «በረኪና አይደለም። ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ነው የገባው።»

«ማን ጨመረው?» አለች ጽጌ።

«አውቃለሁ። አልናገርም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። «ጋዜጠኛ መቼም» አለ አንዱ። ጽጌ እጇን አንስታ ዝም አሰኘቻቸው።

«ስሚ ውድነሽ፣ አውቃለሁ አልናገርም ካልሽ ጀማልን እየሸፈንሽ ነው። ከኛ ይልቅ እሱ ወዳጅሽ ነው። እንደዚያ ነው የምንወስደው።»

«እንደፈለጋችሁ ውሰዱት። በረኪና አልነበረበትም።»

ጽጌ ቁልፎቹን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ጀማል ኮቱን ለበሰ።

«እኔ ነኝ» አለች ኂሩት።

ተነስታ ቆማለች፤ ናትናኤል አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። «ጠበል ነው። እናቴ የላከችልኝ። ለልጄ ብዬ ነው የጨመርኩት። እሱ ምንም አላደረገም።»

መጀመሪያ የተነፈሰው ጀማል ነው።

«ኧረ በአላህ!» አለ። «ስንት ዓመት ይህን ወለል ሳሽ አንድ ሰው ጠበል ያፈሰሰልኝ የለም። ለሸርጣን ግን ጀሪካን ሙሉ!»

አንዲት እናት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። ጽጌ አልሳቀችም። ተነስታ አዳራሹን አቋርጣ ኂሩት ዘንድ ሄደች፤ ልትቆጣት መስሎኝ ነበር። ናትናኤልን ከእጇ ተቀበለቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?» አለቻት። «ቁጭ በዪ።» ከዚያ ልጁን እንደታቀፈች ዞር ብላ፣ «ጀማል፣ ቁልፍህን ውሰድ» አለችው።

«ይቅርታውስ?»

«በረኪናውን ስትቀንስ።»

የገንዳው ነገር ድምፅ ሳይሰጥበት አለፈ። ጽጌ ግን አንድ ነገር አስገባች፤ ልጆቹ ከነኩ በኋላ የሚታጠቡበት ሌላ ሳህን ይቀመጣል፣ ጠበሉን ከቤተ ክርስቲያን ራሷ ታመጣለች። የመጣው ውሃ የማንንም ጥርጣሬ አስወገደ ማለት አይደለም። ጆይስ ሳህኑን ስታይ ከገንዳው ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይኗ መዘነች፣ ገፋ አደረገችው፣ ሳህኑ ከዚያ እንዳያልፍ ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈች።

ከፋሲካ በኋላ እኔና ጆይስ ወደ ኬንት ሄደን፣ ባሕሩ ሲሸሽ ከድንጋዮቹ መካከል አዳዲስ የባሕር ኮከቦች ለቀምን። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ገንዳውን ሞላን። ጆይስ ለካች፤ የጨው መጠኑ ሠላሳ አምስት። ልክ ነው። ፕላስተሩን ለጠፈች። ኂሩት ከኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ነው ያደረገችው። ጀማል በሩን ሊዘጋ መጥቶ ሳይዘጋው ቀረ።

ናትናኤል መጥቶ ተቀመጠ። ሁለት ጣቱን አስገባ። ኮከቡ አልተንቀሳቀሰም። ጆይስ ዝም አለች። ሌሎቹ ልጆች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሸርጣኖቹ ሄዱ፤ እሱ ቆየ። አንዱ ክንድ ጫፉን አነሳ።

«ይሄዳል» አለ ናትናኤል።

እኔ ሰማሁ። በሩ ላይ የቆመው ጀማልም ሰማ።